ማዶ ቆሞ የሚያይ ሰው

ጋሽ መስመር የቅጽል ስም ነው። በክፋት የወጣ ስም ግን አይደለም። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ታፔላ ሲጽፍ የኖረ፣ መስመር የተንጋደደ ዕለት እህል የማይበላለት ሰው ነው። በእንግድነት የገባበት ቤት ግድግዳ ላይ ጠማማ ፎቶግራፍ ካየ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ተነሥቶ ያቃናል። አንዴ ለቅሶ ቤት ገብቶ መጀመሪያ የሟቹን ፎቶ አቃንቶ፣ ከዚያ ነው እርሙን ያወጣው ይሉታል። እሱ ይክዳል። የሚያውቁት ሰዎች ግን ያደርገዋል ባዮች ናቸው።

በደጉ ጊዜ የሰፈሩን የሱቅ ስም፣ የሐኪም ቤቱን ሰሌዳ፣ የጭነት መኪናውን በር የጻፈው እሱ ነበር። ኋላ ባነር የሚያትም ማሽን መጣ። ማሽን አይደክመው፣ ቀለም አይንጠባጠብበት፣ መሰላል አያስፈልገው፤ ባለሱቁ ጠዋት አዝዞ ከሰዓት በኋላ ይሰቅላል። የጋሽ መስመር ባልንጀሮች አንዳንዶቹ ቤት ቀለም ቀቢ ሆኑ፣ አንዳንዶቹ ቤታቸው ተቀመጡ። እሱ ብሩሾቹን ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ እያጠበ፣ በጨርቅ እየጠቀለለ፣ የሚጠራውን ሰው ሲጠብቅ ቆየ። ግትር ነው፤ ይህን ልጁም ትመሰክራለች።

ሥራውን ሠላሳ አራት ዓመት የሠራው ግን ብቻውን አልነበረም። እሱ መሰላል ላይ፣ ሚስቱ ማዶ። መሰላል ላይ ያለ ሰው አፍንጫው ከግድግዳው ጋር ስለሚተሻሽ የገዛ ጽሑፉን አያየውም፤ አንዱ ፊደል ሲያብጥ፣ ሌላው ሲንሸራተት የሚታየው ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው ነው። ስለዚህ እሷ ወረቀቱን ይዛ ማዶ ትቆማለች፣ ፊደል በፊደል ትጠራለታለች፣ ሲያጠፋም ትጮህበታለች። በራሳቸው ፊደል ሲሆን ምንም ችግር የለም። ደንበኛው በእንግሊዝኛ ጻፉልኝ ያለ እንደሆነ ግን ሁለቱም አንድ ፊደል አይለዩም ነበር። ምን ይደረግ? ለፊደሎቹ ስም አወጡላቸው። ክቡ ቀለበት ተባለ፣ የሚጠማዘዘው እባብ፣ ሦስት ጥርስ ያለው ማበጠሪያ፣ ጣሪያ የተሸከመው ምሰሶ። አንዷ ባለ ሁለት ሆድ ነች፤ አንዷ እግሯን የዘረጋች ነች፤ አንዱ የተገለበጠ ተራራ ነው። መንገደኛ ቆሞ ይሰማቸዋል፤ አንዲት ሴትዮ ከመንገድ ማዶ ሆና «እባብ፣ ምሰሶ፣ ማበጠሪያ! ሆዷን ቀንስላት እንጂ፣ እርጉዝ አስመሰልካት!» እያለች በሙሉ ድምፅ ትጣራለች። ጤና የላቸውም ያለም ሰው ነበር። ታፔላው ግን አንድ ፊደል አይዛነፍም።

ሥራው ሲያልቅ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ታይና ፍርዷን ትሰጣለች። ፍርዷ ሁለት ብቻ ነው። «ደህና ነው» ካለች ደህና ነው። «ካለፈው ይሻላል» ካለች ጋሽ መስመር ያን ቀን ሲያፏጭ ይውላል። ከዚያ በላይ ያለውን ተናግራው አታውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጠበቀ፤ እሷ እቴ። «ብነግርህ ትታበያለህ» ትለው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለሦስት ሳምንት ታማ፣ ሳትነግረው ሞተች።

ከዚያ ወዲህ ወጪውም ወራጁም እሱ ሆነ። ሁለት ፊደል ይጽፋል፣ ከመሰላሉ ይወርዳል፣ ማዶ ይሻገራል፣ ዞሮ ያያል፣ ተመልሶ ይወጣል። ጉልበቱ በየደረጃው ይንቋቋል። ባለፈው ዓመት ሦስተኛው ደረጃ ላይ እግሩ ከድቶት ወደቀና የግራ እጁ አንጓ ተሰነጠቀ። ልጁ ይህን ስትሰማ አበደች።

ልጁ አንዲት ናት። ከተማው ወዲያ ጫፍ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ ባል አላት፣ ሁለት ልጆች አሏት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዛ መጥታ አንድ መልስ ይዛ ትመለሳለች። ቤቷ ውስጥ ጓሮ በኩል ያለውን ክፍል አሰናድታለታለች፤ አልጋው ተነጥፏል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ ኮቱን የሚሰቅልበት ሚስማር ሳይቀር ተመቷል። እሱ ግን ሄዶ ሚስማሩን ያይና «ጠማማ ነው» ብሎ ይመለሳል።

በዚህ መሐል ነው ትምህርት ቤቱ ያስጠራው። ርዕሰ መምህሩ የመማሪያ ክፍሎቹ ግድግዳ ዝም ብሎ ከሚቆም ያስተምር የሚል ሐሳብ መጥቶለታል። ወደ ሜዳው የሚያየው ረጅሙ ግድግዳ ላይ የእንግሊዝኛ ቅጽሎች ሰንጠረዥ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ አምስት ረድፍ፣ ሦስት ዓምድ፣ ትምህርት ሳይከፈት እንዲያልቅ። ልጁ ይህን የሰማች ቀን ሥራ አስፈቅዳ መጣች።

«አባዬ፣ እንደገና መሰላል?»

«አዎ፣ መሰላል። በክንፍ እንድወጣ ነው?»

«እጅህ ገና አልጠነከረም። አጠገብህ አንድ ሰው የለ። ብትሳሳትስ ማን ያይልሃል?»

ይህች የመጨረሻዋ ወጋችው። «የእኔ እጅ አይሳሳትም» አለ።

«ይሳሳታል እንጂ ለምን አይሳሳትም?»

«እንግዲያው ስሚ» አለ ጋሽ መስመር፣ ተነሥቶ ቆሞ። «ይህን ግድግዳ ብቻዬን እጽፈዋለሁ። ሲያልቅ አንቺ ራስሽ መጥተሽ ታነቢዋለሽ። እንግሊዝኛውን ታውቂው የለ? አንዲት ስህተት ያገኘሽበት እንደሆነ ዕቃዬን ጠቅልዬ ከዚያችው ክፍልሽ እገባለሁ። ካላገኘሽ ግን ሁለተኛ ይህን ነገር አታነሺብኝም።»

ልጁ መዳፏን ዘረጋችለት። «ቃል?»

«ቃል።»

የዚችን ልጅ ቃል የማያውቅ ሰው ነገሩን ቀላል ያደርገዋል። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ከጎረቤት ልጅ ተጣልታ ዓመት አላናግራትም ብላ ማለች። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወንበር ተቀምጠው እየተማሩ አላናገረቻትም። ዓመቱ የሞላ ማግስት በጠዋት ሄዳ «እንደምን አደርሽ» አለቻት። እንዲህ ያለች ናት፤ ከማን እንደወረሰችው ግልጽ ነው።

ሰንጠረዡን ጽፋ የሰጠችው የትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ገና ወጣት ነች፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ የመጻሕፍት ክፍሉን ታስተካክል ነበር። በግቢው ውስጥ ከእሷና ከዘበኛው በቀር ሰው የለም። ሜዳው ጭር ብሏል፣ ወንበሮቹ በየክፍሉ ተገልብጠው ተደራርበዋል፣ የውኃ ቧንቧዎቹ ከማዶ በሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ደርቀዋል። ጋሽ መስመር መሰላሉን እንዳቆመ ዞሮ ወደ ቧንቧዎቹ አየ። ሚስቱ ብትኖር የምትቆመው እዚያ ነበር፤ ሦስተኛው ቧንቧ አጠገብ፣ ጥላው ያለበት።

አሁን የሚጠራለት ሰው ስለሌለ አዲስ ዘዴ ፈጠረ። የአስተማሪዋን ወረቀት በመቀስ ቆራረጠና እያንዳንዱን ቃል ለየብቻው ቁራጭ አደረገው። ቁራጮቹን በተራ ደርድሮ ግራ ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ አንዱን ያወጣል፣ ከመሰላሉ ጋር በልብስ መቆንጠጫ ያይዘዋል፣ ይጽፋል፣ ሲጨርስ ቀኝ ኪሱ ይከተዋል። ዓምድ በዓምድ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ ግራውን ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ መሐሉን፣ ከዚያ ቀኙን። ይህ ለእጅ ይመቻል፤ መሰላሉንም ቶሎ ቶሎ ማንሳት አያስፈልግም።

ዘበኛውን «እስቲ ማዶ ቁምና እይልኝ» ብሎት ነበር። ዘበኛው ሬዲዮውን ከጆሮው ሳያነሣ፣ ቀና ሳይል «ቆንጆ ነው» አለ። ገና ያኔ ምንም አልተጻፈም ነበር።

በሦስተኛው ቀን አስተማሪዋ ሻይ ይዛለት መጣች። እሱም ካፉ ሳያስበው አመለጠውና «መምህርት፣ ይሄ የምጽፈው ነገር ምንድን ነው የሚለው?» አላት። ሠላሳ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ሲጽፍ ይህን ሰው ጠይቆ አያውቅም። አሁን የሚያርመው ሰው ስለሌለ ራሱ ካላወቀ አለቀለት፤ ክፍሏ ከነመጋረጃዋ እየጠበቀችው ነው።

አስተማሪዋ በመማሪያ ክፍሉ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «በእንግሊዝኛ ነገርን ከነገር ስናወዳድር ሦስት እርከን አለ፣ አባባ» አለችው። «ብዙዎቹ ቃላት ጨዋ ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ጭራ ይቀጥሉላቸዋል፣ በቃ። ቶል፣ ቶለር፣ ቶለስት፤ ረጅም፣ ከዚያ የሚረዝም፣ ከሁሉም የሚረዝም። እነዚህ አምስቱ ግን አመለኞች ናቸው፤ ጭራ አይቀበሉም፣ መልካቸውን ነው የሚቀይሩት። ይኼ ጥሩ ማለት ነው፤ ጉድ ይባላል።»

«ጥሩውን ነው ጉድ የሚሉት?»

«ጥሩውን ነው።»

«ጉድ ነው» አለ ጋሽ መስመር። አስተማሪዋ ትን እስኪላት ሳቀች። ሰው ካሳቀ ብዙ ጊዜው ስለነበር ደነገጠ።

«ጥሩ የነበረው ሲሻል ቤተር ይሆናል» ብላ ቀጠለች፤ «ከሁሉ ሲበልጥ ደግሞ ቤስት።»

«ትንሽ ሲሻለው ስሙን ይለውጣል በይኛ። እንዲህ ያለ ሰውም አውቃለሁ።»

«እኛስ ብንሆን፣ አባባ? 'ይህ ጥሩ ነው' ብለን 'ያ ይሻላል' አይደል የምንለው? ጥሩ ወዴት ሄደ? 'መጥፎ ነው' እንልና 'ያኛው ይብሳል' እንላለን።»

ጋሽ መስመር ብሩሹን እንደያዘ ቀረ። እውነትዋን ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰማው ቃል፣ ሳያየው ኖሯል። ደህና ነው፣ ይሻላል፤ ሦስተኛውን እርከን ብቻ ነው ያልሰማው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ተማረ። የፊደሉን ቅርጽ እጁ ስለሚያውቀው ድምፁን መልመድ አልከበደውም። ባድ፣ ወርስ፣ ወርስት፤ መጥፎ፣ የሚብስ፣ ከሁሉም የሚከፋ። መች፣ ሞር፣ ሞስት። ሊትል፣ ሌስ፣ ሊስት። ፋር፣ ፋርዘር፣ ፋርዘስት። የመጨረሻዎቹ ሁሉ በእባብና በምሰሶ እንደሚያልቁ ያገኘው ራሱ ነው፤ ለአስተማሪዋ ሲነግራት እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማችው፤ ከእንግዲህ ለተማሪዎቼም እንደዚህ ነው የምነግራቸው አለችው። ሥራውን ሆን ብሎ አዘገየ። በሁለት ቀን የሚያልቀውን ዓምድ አምስት ቀን ጎተተው፤ ጠዋት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የመጻሕፍት ክፍሉ በር ተከፍቶ እንደሆነ ነው። ይህን ለራሱም አላመነም።

ቤቱ ሲገባ ግን የሚያናግረው የለም። ሻይ አፍልቶ ይቀምስና «ቤተር» ይላል፤ የትናንቱ መርሮ ነበር። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አይቶ «ወርስ» ይላል። ድምፁ ክፍሉን ዞሮ ዞሮ እሱው ጆሮ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቁም ሳጥኑ ላይ ልጁ ያመጣችለትን የብስኩት ካርቶን አነሣ። ከጎኑ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ዓይኑ ዝም ብሎ ሲያልፍ አንዲት ነገር ያዘው፤ ባለ ሁለት ሆድ፣ ማበጠሪያ፣ እባብ፣ ምሰሶ።

«ቤስት» አለ።

ማንም ሳይጠራለት፣ ማንም ሳያሳየው፣ በዕድሜው የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ቃል በገዛ ዓይኑ አነበበ። በደስታ ዞር አለ፤ ካርቶኑን ከፍ አድርጎ አፉን ከፈተ። ለሚስቱ ሊነግራት ነበር። አልጋው ተነጥፏል፣ ወንበሩ ላይ የእሱ ኮት አለ፣ ሌላ ምንም የለም። እንደዚያ ካርቶን ይዞ ብዙ ቆመ። የሞተች ቀን እንኳ እንዲህ ያለ ብቸኝነት አልተሰማውም፤ ያን ቀን ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር።

በማግስቱ አስተማሪዋ ተሰናበተችው። ትምህርት እስኪከፈት እናቷ ዘንድ ሄዳ ልትከርም ነው። «ሦስተኛውን ዓምድ ስመለስ አየዋለሁ፣ አባባ፤ አደራ» አለችና ሄደች። ጋሽ መስመር ሦስተኛውን ዓምድ የጻፈው ባዶ ግቢ ውስጥ ነው። ሐሙስ ዕለት ነፋስ ነበረ፤ ብሩሹን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ከግራ ኪሱ ሁለት ቁራጮች ወደቁ። ወርዶ አነሣቸው፣ አራገፋቸው፣ መልሶ ከተታቸው። ሁለቱም በእባብና በምሰሶ ያልቃሉ። ልቡ ደግሞ ሌላ ቦታ ነበር፤ ለማንም መቸኮል አልነበረበትም። ዓርብ ጨረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ጠርዙን ሊያጸዳ ጨርቅ ይዞ መጣ። ሥራውን ከማስረከቡ በፊት እንደ ተማሪ አንዴ ጮክ ብሎ ሊያነበው አሰበና ማዶ ሄዶ ሦስተኛው ቧንቧ አጠገብ ቆመ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጀመረ።

«ጉድ፣ ቤተር፣ ወርስት።»

አንገቱን አስግጎ እንደገና አነበበ። ዓይኑን ጠርጎ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ወረደ። «ባድ፣ ወርስ፣ ቤስት።»

ወሽመጡ ብጥስ አለ። ጥሩው ሲሻል ሲሻል ሄዶ ከሁሉም የከፋ ሆኗል፤ መጥፎውም ሲብስ ሲብስ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ተቀምጧል። ሁለቱ ቁራጮች ኪሱ ውስጥ ቦታ ተለዋውጠዋል። ወረቀቱ በሚስቱ እጅ ቢሆን ይህ አይደርስም ነበር፤ ገና የተገለበጠውን ተራራ ሲጀምር «አንተ ሰውዬ፣ ወዴት ነው?» ባለችው ነበር።

ቀለም ተርፎታል። ነጩም አለ፣ ጥቁሩም አለ። ሁለት ቃል ነጭ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ መልሶ መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ልጁ የምትመጣው ነገ ነው። መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ፣ አቆመው፣ ነጩን ቀለም በጥብጦ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ወጣ። እዚያ ቆመ።

ብቻውን መኖር ከብዶታል። እውነቱ ይኸው ነው፤ ያ የብስኩት ካርቶን አፍ አውጥቶ ነግሮታል። ግን «ልጄ፣ ውሰጂኝ» ማለት? ሁለት ዓመት ሙሉ አሻፈረኝ ብሎ፣ ሚስማር ጠማማ ነው ብሎ፣ ቃል ተገባብቶ? ይህን ከአፉ ከማውጣት እንደገና ከመሰላል መውደቅ ይቀለዋል። አሁን ግን ምንም ማለት አያስፈልገውም። ግድግዳው ይናገርለታል። ነገ ትመጣለች፣ ታነባለች፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ስህተቱን ታገኛለች፤ እሱም ትንሽ ያጉረመርምና «እንግዲህ ቃል ቃል ነው» ብሎ ይከተላታል። ከዚያች ክፍል ገብቶ ሚስማሩን ነቅሎ ቀጥ አድርጎ ይመታዋል። ሰንጠረዡንም ሰኞ ተማሪ ሳይገባ ማለዳ መጥቶ ያስተካክለዋል።

ከመሰላሉ ወረደ። ነጩን ቀለም ከደነው። ዕድሜውን ሙሉ ጠማማ ነገር ትቶ ሄዶ የማያውቀው ሰው ያን ቀን ትቶ ሄደ።

ቤቱ ገብቶ ሻንጣ አወጣ። ሁለት ሸሚዝ፣ ሹራቡን፣ ብሩሾቹን፣ የሚስቱን የራስ ሻሽ ከተተና ከበሩ ጀርባ ደበቀው፤ የተሰናዳ እንዳይመስል። ከዚያ ቤቱን ጠረገ። ሲጠርግም አፏጨ።

እሑድ ልጁ ብቻዋን መጣች። ዘበኛው በሩን ከፈተላቸውና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። ጋሽ መስመር «እዚህ ቁሚ» ሊላት ነበር፤ እሷ ግን ሳይነግራት በቀጥታ ወደ ቧንቧዎቹ ሄዳ፣ ሦስተኛው አጠገብ ቆማ፣ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። ልጅ ሳለች እናቷ ቀሚስ ሥር ቆማ ስንቱን ታፔላ አይታለች። እሱ መሰላሉን ተደግፎ ከንፈሯን ከንፈሯን ያይ ጀመር።

ጉድ፣ አለ ከንፈሯ። ቤተር። ከዚያ ቆመ።

ስህተቱን አየችው። ጋሽ መስመር መሰላሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ዓይኗ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ወረደ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረ፤ ከጫማው ጀምሮ፣ ቀለም የነካው ሱሪው ላይ፣ የተሰነጠቀው አንጓው ላይ፣ መሰላሉን የያዙት ጣቶቹ ላይ ቆየ። አንገቷን ደፍታ ከቦርሳዋ መሐረብ ፈለገች። ቀና ስትል ፊቷ ፈክቷል።

«አንዲትም ስህተት የለውም፣ አባዬ።»

ጋሽ መስመር የሰማውን አላመነም። «ደህና አድርገሽ አንብቢው እንጂ።»

«አነበብኩት።»

«የመጀመሪያውን ረድፍ?»

«እሱማ ከሁሉም ልክ ነው።» ሜዳውን አቋርጣ መጥታ ክንዱን ያዘችው። «ብቻህን ነው እኮ የሠራኸው። እማዬ ብታየው ምን እንደምትል ታውቃለህ? ከሠራኸው ሁሉ ይህ ይበልጣል ነበር የምትልህ።»

ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቀው ቃል ይህ ነበር። መጣለት። ግን ምን ይበላት? ዋሽተሻል ቢላት አውቀህ ትተኸዋል ልትለው ነው፤ አውቄ ትቼዋለሁ ቢል ደግሞ ለምን ትለዋለች፤ ያንን ጥያቄ መመለስ አይችልም። ልጁ የሰጠችው ስጦታ መሆኑ ገብቶታል። ቤቱን ነው የሰጠችው፣ ኩራቱን ነው የሰጠችው፤ እሷ ሽማግሌ አባቷን በግድ ከቤቱ እንዳትነቅል እጇን በገዛ ቃሏ አሠረች።

«እንግዲህ አሸንፈኸኛል» አለችው። «ሁለተኛ አላነሣብህም።»

«እሺ» አለ ጋሽ መስመር። ድምፁ ደከም ብሎ ወጣ።

በሩ ድረስ ሸኛት። መንገዱ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና «ቀለም ተርፎሃል፣ አባዬ?» አለችው።

«ተርፎኛል።»

«ጥሩ። አትጣለው» አለችና ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ጋሽ መስመር ተመልሶ መሰላሉን አቆመ። ሁለቱን ቃላት በነጭ ቀባቸው፣ እስኪደርቁ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ብሩሹን ይዞ ወጣ። ወረቀት አላስፈለገውም። በሙሉ ድምፅ ለራሱ ጠራ፤ ባለ ሁለት ሆድ፣ ማበጠሪያ፣ እባብ፣ ምሰሶ። ወርዶ ማዶ ሄደ፣ አየ፣ ተመለሰ፣ ወጣ። የተገለበጠ ተራራ፣ ቀለበት፣ እግሯን የዘረጋች፣ እባብ፣ ምሰሶ። እንደገና ወረደ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ሦስተኛው ቧንቧ አጠገብ ቆሞ ሰንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ልክ ነበር።

ዘበኛው ከበሩ ሆኖ «ቆንጆ ነው!» አለው፣ ቀና ሳይል።

ቤቱ ገብቶ ሻንጣውን ከበሩ ጀርባ አወጣ። ሸሚዞቹን ሰቀለ፣ ብሩሾቹን ቦታቸው መለሰ፣ ሻሹን አጣጥፎ ትራሱ ሥር አደረገ።

ሰኞ ትምህርት ተከፈተ። አስተማሪዋ ግድግዳውን አይታ መልእክት ልካለታለች፤ ተማሪዎቿ እባብና ምሰሶ እያሉ ያነባሉ አሉ። ልጁም በየእሑዱ ትመጣለች፤ ብስኩት ታመጣለች፣ ስለ ጉልበቱ ትጠይቃለች፣ ስለ አንጓው ትጠይቃለች። እሱ ሻይ ይቀዳና አንዳንዴ ሆነ ብሎ የጓሮዋን ክፍል ያነሣል፣ ሚስማሩ እንደ ተንጋደደ ነው ወይ ይላታል። እሷ ትስቅና ወሬ ትለውጣለች። የቃል ሰው ናት፤ እስከ ዛሬ ድረስ አንዴም አንሥታበት አታውቅም።